የግቢ ሳር ከክረምት ሲወጣ ምን ይደረግለት? በጸደይ ቶሎ እንዲያቆጠቁጥ የመጸው ስራ ደረጃ በደረጃ

መስቀል ካለፈ በኋላ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሳሩ ክረምቱን ሙሉ እንዲያ ሲያምር ከርሞ ጥር ላይ ገለባ የሆነብኝ ለምንድን ነው? ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲመጣስ ለምን ሙጃና ጎርጠብ ይቀድመዋል?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጻፍኩት፣ ለሚጠይቃችሁም ላኩለት።

ሁሉም የሚያስበው ውሃ አነሰው ብሎ ነው፣ ግን ውሃ እያጠጡትም የሚደርቅ ሳር ሞልቷል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዝናቡ ሲያቆምና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሳሩ ቅጠል ማውጣቱን ይቀንስና ምግቡን ወደ ስሩና መሬት ለመሬት ወደሚሄደው ሀረጉ ያስገባል፣ በሚያዝያና በግንቦት የሚያቆጠቁጠው ከዛ ካስቀመጠው ነው። እኛ ደግሞ ልክ በዛ ሰአት እስከ አፈሩ ላጭተን፣ ክረምቱን ሙሉ የተረገጠውን መሬት እንደደደረ ትተን፣ በላዩ ዩሪያ በትነን ያስቀመጠውን እናስጨርሰዋለን። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ስራ ሁሉ አላማው ሁለት ነው፣ ስሩ ወደታች እንዲገባ እና ያከማቸውን ያለጊዜው እንዳያወጣ።

መቼ?

መጸው የሚገባው መስከረም 26 ነው፣ ጽጌ ሲጀምር ማለት ነው፣ ስራውንም ያኔ ጀምሩት። እንጅባራ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ጮቄ ስር ያላችሁ ህዳር ላይ ውርጭ ሊመጣባችሁ ስለሚችል እስከ ጥቅምት 20 ገደማ ጨርሱ። ባህር ዳር፣ መራዊ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ያላችሁ ሌሊቱ ስለማይከፋባችሁ ውሃ ካላችሁ እስከ ህዳር አጋማሽ መሄድ ትችላላችሁ። ግን ከቀኑ በላይ አፈሩን እዩ፣ ውስጡ እርጥበት ይዞ ላዩ የማይጣበቅ ሲሆን ነው ጊዜው። አንድ እፍኝ አፈር ጨብጡና በጣት ንኩት፣ ከፈረሰ ስራ ጀምሩ፣ እንደ ሊጥ ከተለጠጠ ሶስት አራት ቀን ጠብቁ፣ ጭራሽ መጨበጥ እምቢ ካለ ደግሞ ዘግይታችኋልና ማታ አጠጥታችሁ በማግስቱ ስሩ።

መጀመሪያ ሳራችሁን እወቁ

እኛ ጋ በየግቢው ያለው በአብዛኛው ሁለት አይነት ነው። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ደማቅ አረንጓዴ፣ ሀረጉ የልጅ ጣት የሚያክልና ሲዳሰስ ጸጉራም ከሆነ ኪኩዩ ነው። ቅጠሉ ቀጭን፣ ሀረጉ ሽቦ የመሰለ፣ አናቱ ላይ ከአንድ ቦታ ተነስተው የተዘረጉ አራት አምስት ቀጫጭን ጣቶች የሚያወጣ ከሆነ ሰርዶ ነው። ልዩነቱ ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ ሰርዶ ድርቅ ይችላል ግን ብርድ ሲነካው ቶሎ ቡናማ ይሆናል፣ ስሩ ግን አልሞተም። ኪኩዩ ደጋ ይስማማዋል፣ ቀላል ብርድም አይጥለውም፣ ውርጭ ግን ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ ውሃም ይፈልጋል። ሁለቱም ከላይ የሞተ ሳር የማከማቸት ጸባይ አላቸው፣ እሱን ደረጃ 3 ላይ እናየዋለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ100 ካሬ ሜትር ግቢ)

- የሳር መቀስ ወይም ማጨጃ ማሽን። ማጭድም ይሰራል፣ እጃችሁ ካልለመደ ግን አንዱን ቦታ ይላጨዋል ሌላውን ይተወዋል
- ሬክ
- የብረት መንሽ። ከሌለ በያጅ ጋ ሄዳችሁ ባለ 12 ፌሮ አስር አስር ሳንቲ እያስቆረጣችሁ፣ ጫፉን አሹሎ እግር በሚረገጥ ብረት ላይ አምስት ስድስት አድርጎ እንዲበይድላችሁና እጀታ እንዲያደርግለት ንገሩት፣ እድሜ ልክ የሚያገለግል እቃ ነው
- አካፋ፣ የእጅ ጋሪ፣ የአሸዋ መንፊያ ወንፊት
- በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የቆየ ፍግ፣ ከ8 እስከ 10 ማዳበሪያ ጆንያ
- ዩሪያ እስከ 1 ኪሎ (ለሁሉም አያስፈልግም፣ ደረጃ 5ን አንብቡ)፣ ራቁት ቦታ የምትተክሉ ከሆነ ትንሽ ኤንፒኤስ (ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ)
- የተነፋ የምድጃ አመድ 5 ኪሎ
- ጓንት፣ ማስክ፣ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ

አሰራሩ

1. ዞራችሁ እዩና ምልክት አድርጉ

ስራ ከመጀመራችሁ በፊት ግቢውን ዙሩና ክረምት ላይ ውሃ የቆመበትን፣ ሰው የሚያቋርጥበትን፣ መኪና የሚዞርበትን፣ ራቁት የሆነውን በእንጨት ምልክት አድርጉበት። ውሃ የተኛበት ቦታ ላይ ስሩ አየር አጥቶ ስለሚከርም ሳሩ ቢያምርም ስሩ አጭር ነው፣ በጋ ላይ መጀመሪያ የሚደርቀውም እሱ ነው። ጎድጓዳ ከሆነ ደረጃ 6 ላይ ይሞላል፣ ውሃው ከጎረቤት ወይም ከጣራ የሚመጣ ከሆነ ግን ለመሙላት አትድከሙ፣ ፈሰስ አውጡለት። የፍልፈል ቁልል ካለ በሬክ በትኑት፣ ከስሩ ያለው ሳር ታፍኖ ይሞታል።

2. አረሙን ዘር ሳይጥል ንቀሉ

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግንቦት ላይ የሚያለቅሰውም እሱ ነው። ሙጃ አሁን ፍሬ ይዟል፣ አሁን ካልወጣ ዘሩን ጥሎላችሁ ይሄዳልና በሚቀጥለው ዝናብ ከሳራችሁ ቀድሞ ይበቅላል። ሙጃን ነቅላችሁ እዛው አትጣሉት፣ በጆንያ ሰብስቡት። ጎርጠብና ቱልት ስራቸው ወደታች ስለሚሄድ አፈሩ እርጥብ እያለ በሹል ነገር ከስሩ ፈንቅሉት፣ አንገቱ ላይ ከተበጠሰ ተመልሶ ይመጣል። እንግጫ ደግሞ የባሰ ነው፣ ቅጠሉን ስትጎትቱት ከታች ያለችው ፍሬ መሳይ ኳስ ትቀራለች፣ ስለዚህ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ኳሷን ይዛችሁ ውጡ። ማገጥ ትንሽ ከሆነ ተዉት፣ አፈሩን አይጎዳም።

መርጫ ካላችሁኝ፣ ለ100 ካሬ እጅ ይበቃል ባይ ነኝ። ግድ ካላችሁ ግን ቱ ፎር ዲ (2,4-D) የሚባለው መርጫ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ብቻ ነው የሚገድለው፣ ሙጃንና እንግጫን ይገድላል ብላችሁ አትጠብቁ። ራውንድአፕ ደግሞ አረንጓዴ ያገኘውን ሁሉ ይገድላል፣ ሳራችሁንም ጭምር።

⚠️ ጥቅምትና ህዳር ንብ ከአደይና ከመጭ አበባ የምትቀስምበት ወቅት ነው፣ ጎረቤት ቀፎ የሌለው ማነው? አበባ የያዘ ነገር ላይ አትርጩ። ነፋስ ባለበት ሰአትም አይሆንም፣ ቱ ፎር ዲ ቲማቲምና ቃሪያ ላይ ካረፈ ቅጠሉን አጠማዝዞ ያበላሸዋል።

3. እጨዱ፣ ግን አትላጩ

ሳሩ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ቁመት ይዞ በጋን ይግባ። ክረምቱን ሳይታጨድ ቆይቶ 15 ሳንቲ ደርሶ ከሆነ በአንድ ቀን አታውርዱት፣ በየጊዜው ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ እየቆረጣችሁ በሳምንት ልዩነት ሁለት ሶስቴ አድርጉት። ምክንያቱም ስሩ የሚያድገው ቅጠሉ በሚሰራው ምግብ ነው፣ ቅጠሉን በሙሉ ስትወስዱበት ስሩ ማደጉን ያቆምና ያስቀመጠውን አውጥቶ እንደገና ቅጠል ይሰራል። ረዘም ያለ ሳር አፈሩንም ከጸሀይ ይጋርደዋል፣ የአረም ዘርም ብርሀን ሳያገኝ ይቀራል። ለመስቀል እንግዳ ይመጣል ተብሎ፣ ለጥምቀት ድንኳን ይተከላል ተብሎ እስከ ቀይ አፈሩ የሚላጨውን ግቢ ቁጠሩት!

ከዛ የሞተውን ሳር እዩ። በቢላ ትንሽ ሶስት ማእዘን ቆርጣችሁ አንሱና ከጎን ተመልከቱት፦ ከላይ አረንጓዴው፣ ከታች አፈሩ፣ መሀል ላይ ስፖንጅ የመሰለ ቡናማ ነገር አለ። ከአንድ ሳንቲ በታች ከሆነ ምንም አይደል፣ እንዲያውም እርጥበት ይይዛል። ከዛ በላይ ከሆነ ውሃውም ማዳበሪያውም እዛው ይቀራል፣ ስሩም አፈር ውስጥ መግባቱን ትቶ እዛ ስፖንጅ ውስጥ ይኖራል፣ ስፖንጁ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል ማለት ነው። አሁን በሬክ ቀለል አድርጋችሁ ብቻ ጎትቱት፣ የወጣውን አንሱ። ሀረጉ እስኪነቀል መቧጨር፣ ኪኩዩን ከስሩ ማውረድ፣ እንደዚህ አይነት ከባድ ስራ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጸና ነው፣ ያኔ በሁለት ሳምንት ይመለሳል፣ አሁን ካደረጋችሁት ግን ሳይሸፍን ብርዱ ይደርስበታል።

የዋንዛና የባህር ዛፍ ቅጠል ከሳሩ ላይ በየሳምንቱ ጥረጉ፣ በተለይ የዋንዛ ቅጠል ሰፊ ስለሆነ እርጥብ ሆኖ ከተኛ ስሩ ያለውን ሳር ቢጫ ያደርገዋል።

4. መሬቱን ብሱ

ከሁሉም ስራ አንዱን ብቻ ነው የምሰራው የሚል ሰው ካለ ይሄን ይስራ። ክረምቱን እርጥብ መሬት ላይ ሰውም በግም መኪናም ሲሄድበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ በመሀሉ አየርና ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይደፈናል። በጋ ላይ ስታጠጡት ውሃው ከላይ ተንሸራቶ ወደ መንገድ የሚሄደው ለዚህ ነው። መንሹን ወይም ያሰራችሁትን የፌሮ መብሻ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ አስገቡ፣ ትንሽ ወደኋላ ነቅነቅ አድርጉት፣ አውጡት፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ራቅ ብላችሁ ድገሙት። ምልክት ያደረጋችሁባቸው መንገዶች ላይ አጠጋግታችሁ ብሱ፣ ሰው የማይረግጠው ጥግ ላይ ባትበሱም ይሆናል።

ቀይ አፈር ላይ ስራው ቀላል ነው። መረሬ ወይም ዋልካ ላይ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ በጣም እርጥብ እያለ ከበሳችሁት ብረቱ የቀዳዳውን ግድግዳ አለስልሶ ይለስነዋል፣ ሲደርቅ ስር አያሳልፍም፣ ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል። ያ የእፍኝ ምርመራ ዋናው ጥቅሙ ለእናንተ ነው።

⚠️ የውሃ ቧንቧና የመብራት ገመድ በየት እንደሚያልፍ ሳታውቁ መብሻ አታስገቡ። ግቢ ውስጥ የሚቀበር ገመድ ብዙ ጊዜ ከላይ ከላይ ነው የሚቀበረው።

5. ዩሪያ ለሚያስፈልገው ብቻ

ሳሩ አረንጓዴ ከሆነ ዝለሉት። ገርጥቶ፣ ወደ ቢጫ ሄዶ ግን ገና እያደገ ከሆነ 100 ካሬ ላይ 1 ኪሎ ዩሪያ በትኑ፣ በካሬ 10 ግራም ማለት ነው። እኩል እንዲዳረስ ኪሎውን ለሁለት ክፈሉትና ግማሹን ከላይ ወደታች፣ ግማሹን ከግራ ወደቀኝ እየሄዳችሁ በትኑት፣ ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን ይበተናል ከዛ ወዲያው ይጠጣል። ቅጠል ላይ ከቀረ ያቃጥላል፣ ሳይጠጣ ጸሀይ ካገኘው ደግሞ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይሄዳል፣ ገንዘባችሁ ነው የሚተነው።

ደጋ ላይ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ዩሪያ ይብቃ። ዘግይቶ የተሰጠ ዩሪያ ለስላሳ ቅጠል ያስወጣል፣ ለስላሳ ቅጠል ደግሞ የመጀመሪያው ውርጭ ራት ነው፣ ሳሩም ያስቀመጠውን ለከንቱ ጨረሰ ማለት ነው።

⚠️ ዩሪያ ለከብትና ለበግ መርዝ ነው። ጨው ጨው ስለሚል ላም ታገኘዋለች ከላሰችውም ትሞታለች። ጆንያውን ቆልፉበት፣ የበተናችሁበትን ሳርም ዝናብ ወይም ውሃ በደንብ ሳያጥበው አጭዳችሁ ለከብት አትስጡ። አረም መርጫ የተረጨበትንም እንደዛው።

6. ኮምፖስት አልብሱት

ኮምፖስቱን በወንፊት ንፉትና ግማሽ ሳንቲ ያህል ውፍረት አድርጋችሁ በአካፋ በትኑት፣ በሬክ ጀርባ ወይም በመጥረጊያ እያሻችሁ ወደ ቀዳዳው አስገቡት። ከጨረሳችሁ በኋላ የሳሩ ጫፍ መታየት አለበት፣ ካልታየ በዝቷል። ቀዳዳው ውስጥ የገባው ኮምፖስት ቀዳዳው ተመልሶ እንዳይዘጋ ያደርጋል፣ ስሩም ያንን ተከትሎ ይወርዳል። ጎድጓዳ ቦታዎችን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሳንቲ ተኩል በላይ አትሙሉ፣ የቀረውን ሰኔ ላይ።

ኮምፖስቱ መብሰሉን በእጅ ታውቁታላችሁ፦ ከቁልሉ መሀል እጃችሁን ስትከቱ ሙቀት የለውም፣ ሽታው ዝናብ የመታው አፈር ነው፣ ገለባው አይለይም። አዛባ ሽታ ካለው ገና ነው። ትኩስ አዛባ ሳሩን ያቃጥላል፣ ከዛ በላይ ደግሞ ላሟ የበላችውን የአረም ዘር ሁሉ ይዞላችሁ ይመጣል፣ ደረጃ 2 ላይ የለፋችሁት ዜሮ ሆነ ማለት ነው።

7. ራቁቱን ቦታ ትከሉ

ከጤነኛው ቦታ ሀረግ ቁረጡ፣ እያንዳንዱ ሁለት ወይም ሶስት አንጓ ይኑረው። ራቁቱን ቦታ 10 ሳንቲ ቆፍሩ፣ ኮምፖስት ቀላቅሉበት፣ በካሬ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኤንፒኤስ ጨምሩ (ስር ለማውጣት ፎስፈረሱ ይጠቅመዋል)፣ ከዛ በ15 ሳንቲ ልዩነት ሀረጉን ጋደም አድርጋችሁ አንጓዎቹን ቅበሩ ጫፏን ብቻ ከላይ ተዉ፣ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉት። ስር የሚወጣው ከአንጓው ስለሆነ አንጓ ካልተቀበረ ልፋቱ ከንቱ ነው። የተቆረጠ ሀረግ ጸሀይ ላይ ግማሽ ቀን ከዋለ አይበቅልም፣ እርጥብ ጆንያ ሸፍኑበትና የቆረጣችሁትን በእለቱ ትከሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ውሃ፣ ከዛ እያራራቃችሁ። ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ስለሚፈልግ ደጋ ላይ ከጥቅምት 10 በኋላ አትጀምሩ፣ ለሰኔ አቆዩት።

8. አመድ

ዩሪያ ከሰጣችሁ ሶስት ሳምንት ጠብቁ፣ ካልሰጣችሁ አሁኑኑ። የተነፋ አመድ 100 ካሬ ላይ 5 ኪሎ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ማስክ አድርጋችሁ በትኑና ውሃ አጠጡ። አመድ ውስጥ ፖታሽየም አለ፣ ሳሩ ብርድና ድርቅ እንዲችል የሚረዳው እሱ ነው። የአዊና የምእራብ ጎጃም ደጋ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ስለሆነ አመዱ አሲዱንም ትንሽ ያለዝበዋል። በአመት ከ10 ኪሎ በላይ ግን አትስጡ። ከዩሪያ ጋር ከተገናኘ ናይትሮጅኑን አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል፣ ስለዚህ በአንድ ባልዲ መቀላቀል የሚባል ነገር የለም። ፕላስቲክና ላስቲክ የተቃጠለበት አመድ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ኖራ ልጨምር ወይ ለምትሉ፣ አፈሩ ሳይመረመር በግምት አይጨመርም፣ መጠኑ ከአፈር አፈር በጣም ይለያያል። ባህር ዳር የአፈር ላቦራቶሪ አለ፣ ወረዳችሁ ግብርና ጽህፈት ቤት ጠይቁ። የግብርና ኖራ ደግሞ ለግድግዳ ከሚቀባው ኖራ ይለያል፣ የግድግዳው ሳሩንም እጃችሁንም ያቃጥላል።

9. በጋውን እንዴት ይለፍ

ውሃ ካላችሁ በሳምንት አንዴ ጠልቆ እንዲገባ አጠጡ። በየቀኑ ላዩን ብቻ ማርጠብ ስሩን ወደላይ ያመጣዋል። ጣሳዋን ሳሩ ላይ አስቀምጡና 2 ሳንቲ ውሃ እስክትይዝ ቆዩ፣ ያ በካሬ 20 ሊትር ነው፣ ለ100 ካሬ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ሁለት ይጨርሳል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት ሰው ይሄን እንደማይችል አውቃለሁ፣ ሰርዶ ከሆነ ግድ የለም ይተኛ፣ በየሶስት ሳምንቱ አንድ ሳንቲ ያህል ብቻ ስጡት፣ ከላይ ቡናማ ይሆናል ስሩ ግን ይኖራል። የልብስ እጣቢ በረኪና ያለበት አታፍስሱ። የምታጠጡት ጠዋት ይሁን፣ ደጋ ላይ ግን ውርጩ እስኪቀልጥ ጠብቁ። ውርጭ የያዘ ሳር ላይ በጠዋት የሄደ ሰው ዱካው ጥቁር ሆኖ ለሳምንታት ይታያል፣ በረዶ የሆነው ቅጠል ሲረገጥ ይሰበራልና። በግ እዛው ላይ ማሰርም እስከ ሰኔ ይቅር።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

- «ደርቋል» ብሎ የካቲት ላይ ገልብጦ መቆፈር። መጀመሪያ ሀረጉን በጥፍር ፋቁት፣ ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ በህይወት አለ። ቡናማና ተሰባሪ ከሆነ ነው የሞተው።
- ደረቁን ሳር እሳት መልቀቅ። ሰርዶ ሊተርፍ ይችላል፣ አጥሩና የጎረቤት ክምር ግን አይተርፍም።
- ኮምፖስት ሳይበሱ ማልበስ። ከላይ ይደርቅና ነፋስ ይወስደዋል።
- በመጋቢት አንድ ቀን ዘነበ ብሎ ዩሪያ መበተን። ያቺ ዝናብ ታታልላለች፣ ሳሩ ይነሳና መልሶ ይደርቃል። ዝናቡ ተከታትሎ ሲመጣና አዲሱ ቅጠል ሶስት አራት ሳንቲ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ያኔ 1 ኪሎውን ስጡት።